የመጀመሪያዋ ሴት ለማን ተዳረች? የፓስፊክ ደሴቶች ዓሣ ባል

ሰው ከየት መጣ ብሎ የሚጀምር ተረክ ሁሉ ብዙ ሳይራመድ የማይሸሸው ጥያቄ ይገጥመዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ልጆች ማንን አገቡ? ኦሪት ዘፍጥረት ቃየን ሚስቱን አወቃት ሲል ሚስቲቱ ከየት እንደተገኘች አይናገርም። ሙሉ አካሉ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረው መጽሐፈ ኩፋሌ ግን ዝርዝሩን አይሸሽም፤ ቃየን ያገባት እኅቱን አዋንን ነው ይላል። መልሱ ቀጥተኛ ነው፣ ዋጋውም ግልጽ ነው፤ በኋላ ዘመን ሕግ አጥብቆ የሚከለክለው ጋብቻ በሰው ዘር መነሻ ላይ ይቀመጣል። ከሃዋይ እስከ ኒውዚላንድ፣ ከፓፑዋ እስከ ታሂቲ በተበተኑት የፓስፊክ ደሴቶች የሚኖሩ ሕዝቦችም ይህንኑ ጥያቄ ሳይጠይቁ አልቀሩም። ከሰጧቸው መልሶች ለሩቅ ሰው ጆሮ ከሁሉ የሚከብደው፣ የመጀመሪያዋ ሴት ባል ሰው አልነበረም የሚለው ነው። ይህ መልስ አንዴ እንደ ልጆች ተረት፣ አንዴ እንደ ነውረኛ ቀልድ፣ ሲከፋም ሰውን ከአውሬ ለይቶ የማያውቅ አእምሮ ቅሪት ተደርጎ ሲነገር ኖሯል። እኔ የምከራከረው ለሌላ ንባብ ነው። እንስሳው ለባልነት የተመረጠው ባዕድ በመሆኑ ነው፤ ዕጣው ሞት የሆነውም ባዕድ ሆኖ ከቤቱ ሊቀመጥ ስለማይችል ነው።

በዝርዝር ተጽፈው ከደረሱን ቅጂዎች አንዱ የማንጋያ ነው። ማንጋያ ዛሬ የኩክ ደሴቶች በሚባለው አገር ውስጥ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ተረኩን የመዘገበው በዚያ ሃያ ዓመት ያህል የኖረው የለንደን ሚሲዮን ማኅበር ሰባኪ ዊልያም ዋያት ጊል ሲሆን፣ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1876 ሲታተም መቅድሙን የጻፈለት የኦክስፎርዱ ሊቅ ማክስ ሙለር ነበር። ኢና የምትባል ልጅ በታማሩዋ ገደል ሥር ከሚወርድ ውኃ ጠዋትና ማታ ትታጠባለች። በውኃው ውስጥ እንግሊዞች ኢል የሚሉት፣ እባብ የሚመስል፣ ቆዳው የሚያሙለጨልጭ ረጅም ዓሣ አለ፤ የደሴቶቹ ሰዎች ቱና ይሉታል፣ በቆርቆሮ ታሽጎ ከሚሸጠው ቱና ጋር ግን ዝምድና የለውም። ዓሣው እየመጣ ይነካታል፣ ትደነግጣለች፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይመጣል። አንድ ቀን ዓይኗ እያየ መልከ መልካም ጎልማሳ ሆነና የወንዝ ዓሦቹ አምላክ ቱና ነኝ አላት። ከዚያ ወዲያ ሲመጣ ሰው፣ ሲሄድ ዓሣ እየሆነ ከእሷ ጋር ኖረ። በመጨረሻ ራሱ የመለያያቸውን ቀን ነገራት፤ ነገ ታላቅ ጎርፍ ይመጣል፣ እኔም በዓሣ መልኬ እስከ ደጃፍሽ እዋኛለሁ፣ አንገቴን ከመድረኩ እንጨት ላይ ሳሳርፍ በመጥረቢያ ቁረጪውና ከኮረብታው ላይ ቅበሪው አላት። እንዳለው አደረገች፤ መቃብሩን በየቀኑ ስትጠብቅ ሁለት ቡቃያ ወጣ። ከአንጎሉ አንዱ ግማሽ ቀዩ ኮኮናት፣ ከሌላው አረንጓዴው ሆነ፤ አንዱ የታንጋሮዋ፣ ሌላው የሮንጎ፣ የሁለቱ ታላላቅ አማልክት ድርሻ። ጊል ጨምሮ የደሴቲቱ ሴቶች ያንን ዓሣ መብላት እንደተከለከሉና እሱ በነበረበት ጊዜም እንደሚጸየፉት ጽፏል። ለአንድ ተረክ ይህ ትልቅ ምስክር ነው፤ ሰዎቹ ታሪኩን የሚያወሩት ብቻ ሳይሆን ከገበታቸው ላይ የሚያከብሩት ነበር ማለት ነውና።

ሳሞአ ላይ ሴቲቱ ሲና ትባላለች። እዚያ ነገሩ የሚጀምረው ከፍቅር ሳይሆን ከማሳደግ ነው፤ ትንሽ ዓሣ በዕቃ ውስጥ አድርጋ ትቀልባለች፣ ያድግባታል፣ ወደ ኩሬ ታዛውረዋለች፣ ከኩሬውም ሆኖ ዓይኑን አይነቅልባትም። ስትሸሽ ከመንደር መንደር ይከተላታል፤ በመጨረሻ አለቆች ተሰብስበው ሊገድሉት ሲነሱ ራሴን ቅበሪልኝ ብሎ ይማጸናታል። በሳቫይኢ ደሴት ማታቫይ መንደር ውስጥ ይህ ሆነበት የሚባለው ኩሬ ዛሬም አለ፤ ጎብኚም የአገሩ ልጅም ይዋኝበታል። ታሂቲ ላይ ደግሞ ሂና ትሆንና ጉዳዩ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ወላጆቿ በተራሮቹ መካከል ላለው ለቫይሂሪያ ሐይቅ ንጉሥ አጭተዋታል፤ ሙሽራው ዓሣ መሆኑን ያየችው ከታጨች በኋላ ነው። ሸሽታ ወደ ማዊ፣ የፖሊኔዥያ ሁሉ ብልጥ ጀግና ወደሆነው፣ ትሄዳለች፤ ማዊ አጥምዶ ይገድለውና ራሱን ከዛፍ ልጥ በተሠራ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ቤትሽ ሳትደርሺ መሬት እንዳታስነኪው ብሎ ይሰጣታል። በመንገድ ውኃ ስታይ መታጠብ ያምራታል፣ ጥቅሉን ታስቀምጣለች፤ ራሱ እዚያው ሥር ይሰዳል። ይህን ቅጂ ያገኘነው ቴዊራ ሄንሪ የተባለችው ጸሐፊ ከሚሲዮናዊ አያቷ ከኦርስመንድ ማስታወሻዎች አሰናድታ፣ ከሞተች በኋላ በ1928 በታተመው መጽሐፏ ነው።

ሦስቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የሚያየው የስሜቱን ልዩነት ነው። ኢና ትወዳለች፣ ሲና ታዝናለች፣ የታሂቲዋ ሂና ትጸየፋለች። አዛኝ፣ ወዳጅ ወይም ጠላት ብትሆን ግን የነገሩ አጥንት አይለወጥም፤ ባልየው ከውኃ ይመጣል፣ ዘመድ የለውም፣ ይሞታል፣ ሬሳውም ምግብ ይሆናል። እንግዲህ ማስረዳት ያለብን የማይለወጠውን ነው። ለዚህ የሚረዳን የኒውዚላንድ ማኦሪዎች ስለመጀመሪያዋ ሴት የሚተርኩት ሌላ ታሪክ ነው። ታኔ የተባለው አምላክ ኩራዋካ ከተባለ ስፍራ አፈር ወስዶ ሂኔአሁኦኔን፣ የመጀመሪያዋን ሴት፣ ይሠራል፤ ከእሷ ሂኔ ቲታማን ይወልዳል፤ ቀጥሎም ልጁን ያገባል። ልጂቱ ባሌ የምለው አባቴ ነው የሚለውን ባወቀች ቀን በኀፍረት ወደ ጨለማው ዓለም ትሸሻለች፤ የሞት እመቤት ትሆናለች፤ ሰውም ሁሉ ከዚያ ወዲህ ወደ እሷ ይወርዳል። ቅርብ ሥጋን ያገባ ዓለም ውጤቱ ሞት ነው ማለት ነው። ይህን ታሪክ ከቱና ታሪክ ጋር ስናገጣጥመው ሁለቱ የአንድ ችግር ሁለት ጫፎች መሆናቸው ይታየኛል። በአንደኛው ባል ከመጠን በላይ ቅርብ ነው፣ አባት ነው። በሁለተኛው ከመጠን በላይ ሩቅ ነው፣ ሰው እንኳ አይደለም። የደሴቱ ሰው ሁሉ ከአንድ ግንድ የወጣ በሚሆንበት በዚያ የመጀመሪያ ዘመን ከሥጋ ዘመድ ውጪ የሚሆን ሙሽራ ከየት ይመጣል? በደሴት ላይ ውጪ ማለት ባሕር ነው።

ለዚህ ሚና ደግሞ ከቱና የተሻለ እጩ ማግኘት ይቸግራል። ይህ ዓሣ የሚፈለፈለው በውቅያኖስ ጥልቅ ነው፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ግልገል ሆኖ ወደ ወንዝ ይገባል፤ ለዓመታት ጨው በሌለው ውኃ ይኖራል፤ ጊዜው ሲደርስ ወደ ባሕር ተመልሶ ዘሩን ጥሎ ይሞታል። በኒውዚላንድ ከሚገኘው ትልቁ ዝርያ ሴቶቹ ከ80 ዓመት በላይ ሊቆዩ ይችላሉ፣ የሰው ዕድሜ ማለት ነው። እርጥብ ሣር ላይ እየተሳበ ከኩሬ ወደ ኩሬ ሲሻገር የሚታይም ነው። ስለዚህ የደሴቱ ሰው ከምንጩ ውኃ ስትቀዳ የሚያያት ልጅ ጎን የሚገኘው ይህ ፍጥረት የመንደሩም የባሕሩም ነው፤ መጣ እንጂ እዚህ አልተወለደም። ሳሞአዎች ይህን እንግድነት በግልጽ ያስቀምጡታል፤ በአንዳንድ አተራረካቸው ዓሣው የሲናን ውበት ሰምቶ መልኩን ለውጦ የመጣ የፊጂ ንጉሥ ነው። ፊጂ ለሳሞአ የሩቅ አገር ሰው ሁሉ የሚመጣባት፣ ጋብቻም ጦርነትም የነበራት ጎረቤት ናት። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ማርሻል ሳሊንስ በ1981 ባወጣው ጽሑፍ በፊጂ ራሱ ንግሥና እንዴት እንደሚታሰብ ሲያስረዳ፣ አለቃው ከባሕር የመጣ ባዕድ፣ ሚስቱ የመሬቱ ባለቤቶች ልጅ፣ በሹመቱ ቀን የሚጠጣው ካቫ የተባለው መጠጥ ደግሞ ምሳሌያዊ ሞቱ መሆኑን አሳይቷል፤ ባዕድነቱ ይሞትና የአገሩ ሰው ሆኖ ይነሳል። ሳሊንስ የጻፈው ስለ ነገሥታት ነው፣ ስለ ዓሣ አይደለም። ሥርዓቱና ተረኩ ግን በአንድ ሐሳብ ይተነፍሳሉ፤ ከውጪ የመጣ ባል ሳይሞት አይለመድም።

እዚህ ላይ ሞቱ ለምን ምግብ ይወልዳል የሚለው ይቀራል። የእኛን የጋብቻ ወግ የሚያውቅ አንባቢ የቱና ችግር ወዲያው ይገባዋል፤ ሽማግሌ የሚልክበት ዘመድ የለው፣ የሚያመጣው ከብት የለው፣ ጥሎሽ የለው። ለሚስቱ ወገን ሊሰጥ የሚችለው ያለውን፣ ማለትም ገላውን ብቻ ነው። እናም የሚሰጠው ትንሽ ነገር አይደለም። ኮኮናት ለእነዚህ ሰዎች ዳቦና ዘይት ብቻ ሳይሆን ገመድ፣ ምንጣፍ፣ የቤት ክዳን ነው፤ እንደ ቱአሞቱ ባሉት ወንዝ በሌላቸው የኮራል ደሴቶች ላይም ከጥም የሚያድን መጠጥ ነው። የተላጠ ኮኮናት ይዞ ጫፉን ያየ ሰው ሦስት ክብ ምልክቶች ያገኛል፤ ሁለቱ እንደ ድንጋይ የጠጠሩ፣ አንዱ በጣት ጥፍር ሊበሳ የሚችል ለስላሳ። ቡቃያው የሚወጣው፣ ጠጪም የሚበሳው በዚሁ በለስላሳው ነው። ሳሞአዎችና ታሂቲዎች ሁለቱን የዓሣው ዓይኖች፣ ሦስተኛውን አፉ ይሉታል፤ የጠጣች ሴት ሁሉ ባሏን ትስማለች ማለት ነው። በፖሊኔዥያ ደግሞ ራስ ከአካል ሁሉ የተቀደሰ፣ በተለይም የአለቃ ራስ እጅ የማይነካው መሆኑን ካስታወስን፣ ባልየው ራሱን መስጠቱ ከሚሰጠው ሁሉ ከባዱን መስጠቱ ነው።

ይህ ንባብ ይጸና እንደሆነ የምንፈትነው ኮኮናት በሌለበት አገር ነው። ማኦሪዎች ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ኒውዚላንድ ሲሰፍሩ ስኳር ድንችና ጎደሬ ይዘው ሄደዋል፤ ኮኮናት ግን በዚያ ብርድ አይበቅልም። ታሪኩን ትተውት ይሆን? አልተዉትም። ቱና የማዊን ሚስት ውኃ ዳር አግኝቶ ይደፍራታል፤ ማዊ ቦይ ይቆፍራል፣ በቦዩ ላይ ግንዶች ያጋድማል፣ ቱና በግንዶቹ ላይ እየተንሸራተተ ሲመጣ ይቆራርጠዋል። ከዚያ ግን ዛፍ አይበቅልም፤ ራሱ ወደ ባሕር ሄዶ የባሕሩ ዓሣ፣ ጅራቱ ወደ ወንዝ ገብቶ የወንዙ ዓሣ ይሆናል። በኒውዚላንድ ደግሞ ይህ ዓሣ ከዋነኞቹ የማኦሪ ምግቦች አንዱ ነበር፤ የሚያዝበትም መንገድ፣ ከወራጅ ውኃ ጎን ቦይ ቆፍሮ መጠበቅ፣ ማዊ ከሚያደርገው ጋር ይቀራረባል። ኮኮናቱ ሲጠፋ ተረኩ ሌላ ምግብ ፈልጎ ባዶውን ሞልቷል። ተራ የዛፍ መነሻ ተረት ቢሆን ኖሮ ዛፉ ሲጠፋ አብሮት ይጠፋ ነበር። የጸናው ወራሪው ከውኃ፣ ሴቲቱ ከመሬት፣ ሥጋው ወደ ሕዝቡ አፍ የሚለው ነው። እርግጥ በማኦሪው ቅጂ ቱና ባል መሆኑ ቀርቶ ደፋሪ ሆኗል፤ ይህን ልሸፍነው አልፈልግም፣ ንባቤንም በአንድ በኩል ያሳሳዋል።

ሌላ መቃወሚያ አለ፤ ሂና፣ ሲና፣ ኢና በእርግጥ የመጀመሪያ ሴቶች ናቸው ወይ? ሲና ወላጆችና አለቆች ባሉበት መንደር ትኖራለች፤ የታሂቲዋም እጮኛ ሆና ነው የምናገኛት። በሌላ የታሂቲ ትውፊት የመጀመሪያው ወንድ ቲኢ፣ የመጀመሪያዋ ሴት ሂና ናቸው፤ ይሁንና ስሙ በፖሊኔዥያ በጣም የተስፋፋ ስለሆነ ሂናዎቹ ሁሉ አንዲት ናቸው ማለት ድፍረት ነው። መቃወሚያውን ግማሹን እቀበላለሁ። በዘመን ቆጠራ የመጀመሪያ ናት ብሎ የሚከራከር ይሸነፋል። ነገር ግን ተረክ የመጀመሪያ የሚለው በዕድሜ ብቻ አይደለም፤ አንድን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያደረገውንም ነው። ሂና ከመሬቱ ወገን ወጥታ ባዕድ ያገባች የመጀመሪያዋ ናት፤ ከእሷ በፊት ኮኮናት አልነበረም፣ ስለዚህ እንደ ዛሬው የሚኖር ሰውም አልነበረም። በዚህ ትርጉም ወላጆች ቢኖሯትም የመጀመሪያዋ ሴት መባሏ ያስኬዳል።

ከዚህ የጠነከረው ጥርጣሬ ግን ከሌላ አቅጣጫ ይመጣል። ሴት፣ እባብ መሳይ ፍጥረትና ዛፍ በአንድ ታሪክ ውስጥ ሲገኙ፣ መዝጋቢዎቹም ሚሲዮናውያን ሲሆኑ፣ ኤደንን ያልጠረጠረ ማን አለ? ሰባኪዎቹ ታሂቲ የደረሱት በ1797 ነው፤ ጊል መጽሐፉን ያሳተመው ከዚያ ወደ ሰማንያ ዓመት ቆይቶ ነው። ስብከቱ በአፍ ትውፊት ውስጥ መግባቱም የታወቀ ነው። ከራሳቸው ከሚሲዮናውያኑ አንዱ ዊልያም ኤሊስ በ1829 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሴት ከወንድ አጥንት ተሠራች የሚለውን የታሂቲ ወሬ ጠቅሶ ከአውሮፓውያን የሰሙትን መልሰው እየነገሩን ነው የሚል ጥርጣሬውን አልደበቀም። ይህ ሐቀኝነት ግን በተቃራኒው ይረዳኛል፤ መዝጋቢዎቹ የራሳቸውን መጽሐፍ ድምፅ መለየት የማይችሉ ሰዎች አልነበሩም። ከዚያም በላይ የኤደኑ እባብ ያታልላል እንጂ አያገባም፤ ይረገማል እንጂ አይቀበርም፤ ሰውን ከፍሬ ያሳድዳል እንጂ ፍሬ አይሆንም። በምሥራቅ ፖሊኔዥያ የየብስ እባብ የሚባል ባለመኖሩ እባብ መሳይ ፍጥረት ሲፈለግ ይህ ዓሣ መገኘቱም የሚያስገርም አይደለም። ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ስፋቱ ነው። ሳሞአ፣ ቶንጋ፣ ማንጋያ፣ ታሂቲ፣ ቱአሞቱ፣ ኒውዚላንድ፣ ብዙዎቹ ለዘመናት ተራርቀው የኖሩ፣ ያንኑ ዓሣና ያችኑ ሴት ይዘው መገኘታቸው፣ ዝርዝሩንም እንደየአገሩ መቀየራቸው፣ ከአንድ ትውልድ ስብከት የሚወጣ ነገር አይደለም። አርዌ የተባለውን ዘንዶ የምናውቅ እኛ ሰው የሚጨርስና ልጃገረድ የሚሰጠው ፍጥረት በየአገሩ ተረክ ሊበቅል እንደሚችል ለመቀበል ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ልዩነቱ ከአርዌ ሬሳ መንግሥት እንጂ ምግብ አለመውጣቱ ነው።

የተገደለ አካል ምግብ ይሆናል የሚለውን ሐሳብ የጀርመኑ ሊቅ አዶልፍ የንሰን ኢንዶኔዥያ ውስጥ ካለችው ሴራም ደሴት በሰበሰበው የሃይኑዌሌ ታሪክ አስፋፍቶታል፤ ሃይኑዌሌ የምትባለው ልጅ በጭፈራ ሌሊት ተገድላ ከተቆራረጠው ሬሳዋ ሥራ ሥር ተክሎች ይወጣሉ። የንሰን ይህን ለጥንታዊ ገበሬዎች ሁሉ የጋራ ሃይማኖት መሠረት አድርጎ ነበር፤ ጆናታን ስሚዝ የተባለው አሜሪካዊ የሃይማኖት ታሪክ ምሁር ግን በ1976 የሃይኑዌሌ ታሪክ ውስጥ የቅኝ ግዛት ንግድ ያመጣው ሸቀጥና ያስከተለው መናጋት እንዳለበት አሳይቶ ጥንታዊነቱን ክፉኛ ነቀነቀው። ማስጠንቀቂያው ለእኛም ይሠራል። ስለዚህ እኔ የቱና ታሪክ ከሰው ልጅ ማለዳ የተረፈ ነው አልልም። የምለው ተረኩን የሚናገሩት ሰዎች ምን ሲያስቡበት እንደቆዩ ነው።

ነገሩ ሁሉ ስለ ወንድ ብልት ነው፣ ምን ያስጨንቃችኋል የሚሉም አሉ። ይህን ለማየት ፍሮይድን ማንበብ አያስፈልግም፤ የደሴቶቹ ሰዎች ራሳቸው ከማንም ቀድመው ስቀውበታል። ፍራንክ ስቲምሰን በ1934 ባሳተመው የቱአሞቱ ቅጂ ሂና የቴ ቱና ሚስት ሆና በሰለቸችው ጊዜ ራሷ ትታው ትሄዳለች፤ በየነገዱ እየዞረች ባል ስትፈልግ ወንዶቹ ሁሉ ቴ ቱናን ፈርተው ያባርሯታል፤ በመጨረሻ ማዊ በእናቱ ግፊት ያነሳታል፤ ሁለቱ ባሎች ሲጋጠሙም ውድድሩ በቤተሰብ ጋዜጣ የማይጻፍ ነው። እሺ፣ ቱና ብልት ነው። ታዲያ ለምን ይቀበራል? ለምን መቃብሩ ላይ ምግብ ይበቅላል? ይህ ማብራሪያ ሳቁን ያስረዳል እንጂ ዛፉን አያስረዳም። የስቲምሰን ቅጂ የሚያስቸግረኝ በሌላ ነው፤ እዚያ ሂና ከባዕድ ባል ወደ ሰው ባል የተሻገረችው በራሷ ፈቃድ ነው፣ ሕዝቡም የፈራው የመጣውን እንግዳ ሳይሆን የቀድሞ ባሏን ቁጣ ነው። ስቲምሰን ስለ ቱአሞቱ ልዑል አምላክ በጻፈው ላይ የሥራ ባልደረባው ኬነት ኤመሪ ጠንካራ ክርክር እንዳነሳበት ስለሚታወቅ ቅጂውን በጥንቃቄ መያዝ ይገባል፤ ይሁንና ስላልተመቸኝ ብቻ ልጥለው አልችልም።

ንባቤ እውነት ከሆነ፣ የዘር ቆጠራው በሚለይበት ቦታ የመጀመሪያዋ ሴት ባልም ሊለይ ይገባል። በፓፑዋ ኒው ጊኒ ምሥራቅ ባሉት የትሮብሪያንድ ደሴቶች ዘር የሚቆጠረው በእናት ነው። አንትሮፖሎጂስቱ ማሊኖውስኪ እንደመዘገበው በዚያ የመጀመሪያዎቹ እናቶች ከመሬት ጉድጓድ የሚወጡት ከወንድማቸው ጋር ነው፣ ባል ብሎ ነገር የለም፤ የጀግናው የቱዳቫ እናት ቦሉቱክዋ ያረገዘችው በዋሻ ውስጥ ከጣሪያው በሚንጠባጠብ ውኃ ነው። እንስሳትም አሉ፤ ኦቡኩላ ከሚባለው ጉድጓድ አርጃኖ፣ ውሻና አሳማ ተራ በተራ ይወጣሉ፤ ግን ባል ለመሆን አይደለም፣ የየጎሳው ምልክትና የማዕረግ ቅደም ተከተል ናቸው። ሌላው አንትሮፖሎጂስት ኤድመንድ ሊች በ1966 ሰዎቹ አባትነትን አያውቁም የሚለውን የማሊኖውስኪን ድምዳሜ ነቅፏል፣ በትክክልም ነቅፏል፤ ለእኔ ግን ቁም ነገሩ ባል ለዘር በማያስፈልግበት ሥርዓት እንስሳ ባልም አለማስፈለጉ ነው። ወደ ሃዋይ ስንሄድ ደግሞ ኩሙሊፖ የተባለው፣ ከሁለት ሺህ በላይ ስንኝ ያለውና ንጉሥ ካላካዋ በ1889 ያሳተመው የነገሥታት የዘር መዝሙር፣ ኮራልን፣ ዓሦችንና ወፎችን አስቀድሞ ይወልዳል፤ የመጀመሪያዋ ሴት ላኢላኢ ስትመጣ ሁለት ባል አላት፣ አንዱ አምላክ ካኔ፣ ሌላው ሰው ኪኢ። ጠቡም የበኵሩ ልጅ የማን ነው የሚል ነው። እንስሳቱ እዚህ ታላቅ ወንድሞች ሆነዋል፤ የነገሥታቱ ጭንቀት ባዕድ ማግኘት ሳይሆን የበኵርናን መስመር መጠበቅ ነውና። በፓፑዋ ኒው ጊኒ ሴፒክ አካባቢ ኢላሂታ በተባለ መንደር ደግሞ አቅጣጫው ይገለበጣል፤ ዶናልድ ቱዚን በ1997 ባወጣው መጽሐፍ እንደተረከው፣ የመጀመሪያው ሰው ስትታጠብ ያገኛትን ካሶዋሪ የተባለች ታላቅ ወፍ ላባዋን ደብቆ ያገባታል፤ ልጆቿ ላባውን ሲያገኙት ለብሳ ባሏን ትገድልና ትሄዳለች። እዚያ ዘር በአባት ነው፣ ከውጪ የምትገባውም ሚስት ናት፤ ስለዚህ አውሬዋም እሷ ናት።

ባዕድ ባል ሳይገደል ከቀረስ? ሃዋይ ለዚህም ታሪክ አላት፣ ሴቲቱ የመጀመሪያዋ ባትሆንም። በዋይፒዮ ሸለቆ የምትኖር ካሌይ የምትባል ሴትን የሻርኮች ንጉሥ ካሞሆአሊኢ በሰው መልክ አግብቶ፣ ልጁ ሳይወለድ ወደ ባሕሩ ይመለሳል፤ ሲሄድ ልጁ ሥጋ እንዳይቀምስ ያስጠነቅቃታል። ናናዌ የተባለው ልጅ ጀርባው ላይ የሻርክ አፍ የሚመስል ስንጥቅ ይዞ ይወለዳል። አያቱ ጦረኛ ይሁንልኝ ብሎ ሥጋ ያበላዋል፤ ልጁ ያድግና የሰፈሩን ሰው ወደ ባሕር ሲወርድ እየጠበቀ መብላት ይጀምራል። ቱና ሞቶ ሕዝቡን ሲያበላ፣ ያልሞተው ሻርክ ልጅ ሕዝቡን በላ። ሃዋይ ውስጥ ደግሞ ሻርክን የቤተሰብ ጠባቂ አድርገው ምግብ የሚወስዱለት ቤተሰቦች ነበሩ፤ ዘመድ ሆኖ የቀረ እንስሳ ይቀለባል እንጂ አይበላም፣ ስለዚህም ሕያው ሆኖ ይኖራል። ናናዌ በመጨረሻ ሞሎካይ ደሴት ላይ ተይዞ ሬሳው ካይናሉ ከሚባል ኮረብታ በተቆረጠ የቀርከሃ ስለት ይቆራረጣል፤ አባቱም ስለ ልጁ ተቆጥቶ የዚያን ኮረብታ ቀርከሃ ሁሉ ስለቱን ነሳው ይባላል።